ጣውላ የማይወጣው እንጨት

በአማራ ክልል የአዊ ገበሬዎች ለቀጭንና ለጠማማ እንጨታቸው ገበያ አግኝተዋል። ያ ገበያ አሁን ምን ይጎድለዋል?

ከእንጅባራ ወደ ባሕር ዳር የሚሄደውን አስፋልት ይዞ ወደ አዲስ ቅዳም የሚጓዝ ሰው በመንገዱ ዳር ተደርድረው የቆሙ ማዳበሪያዎችን ማየቱ አይቀርም። ሆዳቸው ተወጥሯል፤ አፋቸው ላይ ቅጠል ወይም ሣር ተጠቅጥቆ በገመድ ተጠልፏል። ከሰል ነው። አይሱዙ ቆሞ ሲጫን ወጣቶች ከታች ያቀብላሉ፣ ሌሎች ከላይ ሆነው ይደረድራሉ፤ ጭነቱ ከጋቢናው በላይ ከፍ ብሎ ሸራ እስኪለብስ ድረስ እረፍት የለም። መድረሻው ባሕር ዳር ሊሆን ይችላል፣ አዲስ አበባም ሊሆን ይችላል።

ይህን ያየ ሰው «ደኑ አለቀ» ብሎ ቢያዝን አይፈረድበትም። በአገራችን ከሰልና የደን ጭፍጨፋ ሁልጊዜ አብረው ሲነሱ ኖረዋል። ነገር ግን ዓይኑን ከማዳበሪያዎቹ አሻግሮ ቢጥል ሌላ ነገር ያያል። ማሳው በሙሉ በሰው እጅ በመስመር የተተከለ ዛፍ ነው። አንዱ ማሳ ገና ችግኝ ሲሆን በመካከሉ ጤፍ በቅሎበታል። አጠገቡ ያለው ከሰው ቁመት አልፏል፣ ከሥሩ ለከብት ሣር ይታጨድበታል። ወዲያ ማዶ ያለው ደግሞ ተቆርጦ ጭስ ይወጣበታል። በፋግታ ለኮማ ወረዳና በዙሪያው ከሰል እየተመረተም የዛፉ ሽፋን ጨምሯል፤ የሳተላይት ምስል ያጠኑ ተመራማሪዎችም ይህንኑ አረጋግጠዋል። ከሰል የሚወጣበት አገር እየለመለመ የሄደበት ምክንያት ሊመረመር ይገባዋል። ምክንያቱ ሲፈለግ ደግሞ ብዙ የደን ባለሙያን በየአገሩ ከሚያስጨንቀው አንድ ጥያቄ ጋር ያገናኛል፤ ጣውላ የማይወጣው እንጨት ለማን ይሸጣል?

ዛፉ አካሲያ ዲከረንስ ይባላል፤ ገበሬው በአጭሩ ዲከረንስ ይለዋል። የትውልድ አገሩ አውስትራሊያ ነው። ወደ አዊ የገባው በ1980ዎቹ ዓ.ም እንደሆነ ይነገራል። በፍጥነት ያድጋል፣ በአራትና በአምስት ዓመቱ ለመቆረጥ ይደርሳል። በዚያ ዕድሜው ግን እንጨቱ ቀጭን ነው። ብዙ ጊዜም ይጣመማል። መጋዝ ቤት ቢወሰድ ጣውላም ሞራሌም አይወጣውም። የመብራት ምሰሶ ለመሆን ቁመናው አይፈቅድለትም። ገበሬው ይህን ሁሉ እያወቀ አጠጋግቶ ይተክለዋል። በየአንድ ሜትሩ እንኳ ቢተከል በሄክታር 10,000 ችግኝ ነው፤ እንዲህ የተጣበበ ዛፍ ደግሞ አይወፍርም። ከመጀመሪያውም የተፈለገው ውፍረት አይደለም።

ከባሕር ዛፍ ጋር ብናስተያየው ልዩነቱ ይጎላል። በዐፄ ምኒልክ ዘመን ከገባ ወዲህ ባሕር ዛፍ ለእያንዳንዱ መጠኑ የራሱ ስምና የራሱ ገዢ አለው። ቀጭኑ ማገር ነው፤ ከፍ ሲል አጠና ሆኖ ለግንባታ መወጣጫ ይሄዳል፤ ከዚያ በላይ ያለው ወራጅና ቋሚ ይሆናል፤ ቀጥ ብሎ የረዘመው ለስልክና ለመብራት ምሰሶ ይመረጣል። የተረፈው ፍልጥ ነው፣ ጭራሮ ነው። ቅጠሉ ሳይቀር ምጣድ ሥር ይገባል፤ ከእንጦጦ ጎንበስ ብለው የሚወርዱት እናቶች በጀርባቸው የሚያወርዱት እሱኑ ነው። ባሕር ዛፍ ከተቆረጠ በኋላም ከጉቶው ያቆጠቁጣል። ዲከረንስ ይህ የለውም። ከጉቶው ደህና አድርጎ ስለማያቆጠቁጥ በየዙሩ እንደገና መተከል አለበት፤ ሲቆረጥም ገዢው ወደ ከሰል ብቻ ይመለከታል።

በየገበያው የሚሰማው ክርክርም ይህንኑ ነው የሚደጋግመው። ነጋዴው ማሳውን በዓይኑ ገረፍ ያደርግና «አባቴ፣ ይኼ እኮ ለማገርም አይሆን» ብሎ ዋጋ ለመስበር ይጀምራል። ባለማሳው ሽማግሌ ደግሞ ጋቢውን እያስተካከለ «ማገር መች ሸጥሁልህ ልጄ፤ አክስለው» ይለዋል። ሁለቱም ልክ ናቸው። እንጨቱ እንደ እንጨት ዋጋ የለውም፤ ዋጋ የሚያወጣው መልኩ ሲለወጥ ነው።

ምክንያቱ ክብደትና መንገድ ነው። ገና የተቆረጠ እንጨት ከክብደቱ ግማሽ ያህሉ ውኃ ነው። 5 ቶን እርጥብ እንጨት አይሱዙ ላይ ጭኖ ወደ ከተማ የሚሄድ ሰው 2.5 ቶን ውኃ እያጓጓዘ ነው ማለት ነው፤ ለነዳጁም፣ ለጎማውም፣ ለሾፌሩም የሚከፍለው ለዚያ ውኃ ጭምር ነው። ውድ እንጨት ይህን ወጪ ይችላል። ጽድ ወይም ዝግባ ቢሆን ከደን እስከ መጋዝ ቤት ያለውን ኪራይ ከፍሎ ለባለቤቱ ይተርፈዋል። ርካሽ እንጨት ግን ጥቂት ኪሎ ሜትር እንደሄደ ዋጋው በመንገዱ ይበላል። ከዚያ በኋላ የመኪናው ኪራይ ከእንጨቱ ዋጋ ይበልጣል። የርካሽ እንጨት ባለቤቶች በየትም አገር የሚሰናከሉት እዚህ ላይ ነው። ገዢው አለ፣ የሚከፍለው ዋጋ ግን ዛፉ ሥር እስኪደርስ አልቋል።

ከሰል ይህን ስሌት ይገለብጠዋል። አንድ ኪሎ እርጥብ እንጨት ሲነድ የሚሰጠው ሙቀት 8 ሜጋጁል ገደማ ነው፤ አንድ ኪሎ ከሰል ግን ወደ 30 ይጠጋል። በክብደት ስናስበው አንድ መኪና ከሰል ወደ አራት መኪና የሚጠጋ እርጥብ እንጨት ይተካል ማለት ነው። የሩቁ ገበያ ለአዊ ቅርብ የሆነው በዚህ ነው። ወደ አዲስ አበባ ያለው መንገድ ከ400 ኪሎ ሜትር በላይ ሆኖ ሳለ የዲከረንስ ፍልጥ ያን ርቀት ተጉዞ ትርፍ አያመጣም፤ የዲከረንስ ከሰል ግን ያመጣል። አንዲት የአዲስ አበባ እመቤት ለቡና የምታቀጣጥለው ከሰል ለአዊ ገበሬ ማዳበሪያና የልጆቹን ደብተር የሚገዛለት ውኃውንና ጭሱን መቁረጫው ቦታ ላይ ጥሎ ስለመጣ ነው።

ውኃውን መጣሉ ግን በነፃ አይደለም፤ የሚከፈልበትን ለማየት እንጨቱ የሚከስልበት ክምር አጠገብ መቆም ያስፈልጋል።

ዛፉ በመጥረቢያ ይወድቅና ቅርንጫፉ ይመለመላል። ግንዱ በአንድና በሁለት ሜትር እየተቆረጠ ለተወሰኑ ቀናት ወይም ሳምንታት እዚያው ይደርቃል። የቸኮለ ሰው እርጥቡን ይከምራል፤ እሳቱ ግን መጀመሪያ የሚሠራው ውኃውን ማትነን ስለሆነ ለዚያ ማገዶ የሚሆነው ራሱ እንጨቱ ነው። ክምሩ ሲሠራ ከሥር ቀጫጭኑ ለአየር መተላለፊያ ይጋደማል፣ ወፍራሙ ወደ መካከል ይገባል፣ ክፍተቱ በቀጭን ይሞላል። ከላዩ ቅጠልና ሣር ይለብሳል። በመጨረሻም አፈር ይጫንበትና በአንደኛው ጫፍ በተተወለት አፍ ይለኮሳል።

ከዚያ በኋላ ያለው ሥራ ጥበቃ ነው። መጀመሪያ የሚወጣው ጭስ ወፍራምና ነጭ ነው፤ አብዛኛው እንፋሎት ነው። ቀጥሎ ወደ ቢጫነት የሚያደላ፣ ዓይን የሚቆጠቁጥ ጭስ ይመጣል። ጭሱ ሳስቶ ወደ ሰማያዊ ሲለወጥ አክሳዩ በዚያ በኩል ያለው እንጨት መክሰሉን ያውቃል። በነዚህ ቀናት አፈሩ ይሰነጠቃል፣ ይሰምጣል። ስንጥቁ ቶሎ ካልተደፈነ አየር ይገባና ከሰሉ ወደ አመድ ይለወጣል፤ የአንድ ሌሊት እንቅልፍ የወራት ድካም ሊበላ ይችላል። ስለዚህ ባለሙያው አካፋውን ይዞ ክምሩ አጠገብ ያድራል። ብዙዎቹ አክሳዮች የራሳቸው መሬት የሌላቸው ወጣቶች ናቸው፤ ገበሬው ዛፉን ያቀርባል፣ እነሱ ጉልበታቸውንና ሌሊታቸውን። ጭሱን በየቀኑ የሚተነፍሱትም እነሱ ናቸው። ስለ ዲከረንስ ትርፍ ሲጻፍ የእነዚህ ልጆች ሳንባ ከሒሳቡ ሲወጣ ያናድደኛል።

አሁን ስሌቱን እንጨርሰው። በተለመደው የአፈር ክምር ከደረቁ እንጨት ክብደት ከሰል ሆኖ የሚወጣው ከ10 እስከ 20 በመቶ ነው። በደህናው በ20 በመቶ ብንይዘው እንኳ ያ 5 ቶን እርጥብ እንጨት፣ 2.5 ቶን ደረቅ፣ ግማሽ ቶን ከሰል ይሰጣል። እንጨቱ ይዞት ከነበረው ኃይል ሁለት ሦስተኛው ያህል አየር ላይ ቀርቷል። መንገዱን ለማሳጠር የተከፈለው ይህ ነው። ጭስ ማውጫ ያለው፣ አየሩ የሚመጠንበት የተሻሻለ ክምር አለ፤ ካዛማንስ በሚባለው ዓይነት የሠለጠነ አክሳይ ከ25 በመቶ በላይ ማውጣት ይችላል። ከአንድ ማሳ 15 በመቶ ያወጣ የነበረ ሰው 25 ቢያወጣ ዛፍ ሳይጨምር ምርቱን በሁለት ሦስተኛ አሳደገ ማለት ነው። ለአዊ አዲስ ገበያ ከመፈለግ በፊት ይህ መሠራት ነበረበት። የሚጠይቀው የቆርቆሮ ጭስ ማውጫ፣ በደንብ የደረቀ እንጨትና ሥልጠና ነው። ግን የዛፉ ባለቤት ማሳውን በጅምላ ሸጦ ከሄደ ስለ ክምሩ ብቃት አይጨነቅም።

ገበሬው ለምን ይህን ዛፍ መረጠ የሚለው ታሪክ በከሰል ብቻ አይፈታም። አዊ ዝናብ የበዛበት ደጋ ነው፤ በፋግታ ለኮማ በዓመት ከ2,000 ሚሊ ሜትር በላይ ይዘንባል። እንዲህ ያለ ዝናብ ለዘመናት አፈሩን ሲያጥበው አሲዳማ አድርጎታል። በአሲዳማ አፈር ላይ ማዳበሪያ ቢጨመርም ፎስፈረሱ በአፈሩ ይታሰራል፣ አሉሚኒየም የሰብሉን ሥር ይጎዳል። ኖራ መድኃኒቱ ነው፤ ነገር ግን በኩንታል ብዙ ስለሚፈልግ ራሱ የመጓጓዣ ችግር አለበት። ዲከረንስ በሥሩ ላይ ከሚኖሩ ባክቴሪያዎች ጋር ሆኖ ከአየር ናይትሮጅን ወደ አፈር ያስገባል፣ ቅጠሉን ያራግፋል። ክምሩ የነበረበት ቦታም አመድና የከሰል ስብርባሪ ይቀርበታል፤ አመድ አሲድን ያለዝባል። ዛፉ ተቆርጦ ጤፍ ሲዘራ ምርቱ ከበፊቱ እንደሚሻል ገበሬዎቹ ይናገራሉ፤ ጥናቶችም ይደግፏቸዋል።

እንዲህ ሆኖ ዑደቱ ይሽከረከራል። በክረምት ችግኝና ጤፍ አብረው ይገባሉ፤ በመጀመሪያው ዓመት ጤፉ ይታጨዳል፤ በሁለተኛው ሣሩ ይሸጣል ወይም ለከብት ይውላል፤ ከዚያ ዛፉ ብቻውን ያድጋል፤ በአራተኛው ወይም በአምስተኛው ዓመት ከሰል ይሆናል፤ መሬቱም ወደ ጤፍ ይመለሳል። ገበሬው አምስት ዓመት ባዶ እጁን አይጠብቅም። የዋጋ ቢሱ እንጨት ምስጢር ግማሹ ከእንጨቱ ውጭ ያለ ነው፤ እንጨቱ ብቻውን ወጪውን እንዲችል አልተጠየቀም፣ ጤፉም ሣሩም አፈሩም አብረው ከፍለዋል። ደን ተክለው በመቁረጫው ጊዜ ገዢ ያጡ ፕሮጀክቶች ከዚህ ቢማሩ እወዳለሁ።

መሬቱም የራሱ መሆኑ ሳይረጋገጥለት አምስት ዓመት የሚቆይ ነገር የሚተክል ሰው ጥቂት ነው። የአማራ ክልል ከ1995 ዓ.ም ጀምሮ ለገበሬዎች የይዞታ ደብተር መስጠቱ ለዛፍ ተከላ ልብ ሰጥቷል። በ2010 ዓ.ም የወጣው የደን ልማት አዋጅ ቁጥር 1065 ደግሞ ለግል ደን ባለቤትነት ዕውቅና ሰጥቷል።

ይሁንና ሕጉ መንገድ ላይ ሲደርስ ይደበዝዛል። ኬላው ላይ የሚቆመው ሠራተኛ የሚያየው ከሰል ነው። ከስምጥ ሸለቆ ከተጨፈጨፈ ግራር የወጣው ከሰልና ከአዊ ማሳ የወጣው በማዳበሪያ ውስጥ ሲሆኑ አንድ ይመስላሉ። የማለፊያ ወረቀት፣ ቀረጥ፣ አንዳንዴም ከወረቀት ውጭ የሚከፈል ገንዘብ በየኬላው ይጨመራል፤ ነጋዴው ያንን ሁሉ አስልቶ ወደ ታች ወደ ገበሬው ይገፋዋል። ተክሎ ያከሰለንና የተፈጥሮ ግራር ቆርጦ ያከሰለን በአንድ ዓይን ማየት ግፍ ነው፤ ውጤቱም የሚጎዳው ተክሎ የሚያከስለውን ነው። ሕገ ወጡ በሌሊት ያልፋል፣ ተካዩ ግን ወረቀት ይዞ በቀን ይቆማል። ከወረዳው የሚወጣ፣ የማሳውን ይዞታ ቁጥር የያዘ ማረጋገጫ እስከ መዳረሻው ከተማ ድረስ የሚከበር ቢሆን ትልቅ ለውጥ ያመጣ ነበር። ከ2015 ዓ.ም ክረምት ወዲህ ክልሉ በገባበት ግጭት ደግሞ መንገድ በተዘጋ ቁጥር ከሰሉ ባለበት ይቀራል፤ የመጓጓዣው ዋጋም ይንራል።

ሌላው ደካማ ቦታ ሽያጩ ራሱ ነው። ብዙ ገበሬ ዛፉን በቁሙ ይሸጣል። ነጋዴው በዓመት ስንት ማሳ እየገዛ ዓይኑ ሠልጥኗል፤ ገበሬው የሚሸጠው በአምስት ዓመት አንዴ ነው። ግምቱ እኩል ሊሆን አይችልም። መድኃኒቱ ቀላል ነው። በማሳው ውስጥ አማካይ የሚመስሉ ሦስት አራት ቦታዎች መርጦ በእያንዳንዱ 10 ሜትር በ10 ሜትር በገመድ ማጠር፣ ውስጡ ያሉትን ዛፎች መቁጠር፣ የጥቂቶቹን ዙሪያ በደረት ቁመት ላይ በሜትር መለካት። 100 ካሬ ሜትር የሄክታር መቶኛ ስለሆነ አማካዩን በ100 ማባዛት ለሄክታር፣ በ25 ማባዛት ለሩብ ሄክታር ይበቃል። ከዚያ ባለፈው ዓመት ከጎረቤት ተመሳሳይ ማሳ ስንት ማዳበሪያ እንደወጣ መጠየቅ ነው። ይህን ይዞ ለድርድር የተቀመጠ ገበሬ በአንድ ከሰዓት ሥራ የአምስት ዓመት ዋጋውን ያስጠብቃል። የቀበሌ የግብርና ባለሙያ ስለ ችግኝ ብዙ ያስተምራል፤ ስለ መለካትና ስለ መሸጥም እንዲያስተምር እጠይቃለሁ።

ይህ ሁሉ እየሆነ ሳለ በሽታ መጣ። በቅርብ ዓመታት በዲከረንስ ቅጠልና ለጋ ቅርንጫፍ ላይ ዝገት የሚመስል ቡናማ ዱቄት የሚያወጣ የፈንገስ በሽታ ተዛምቶ ማሳ ሙሉ ዛፍ አድርቋል። አንድ ዝርያ፣ አጠጋግቶ፣ ወረዳ ሙሉ ሲተከል ፈንገስ ከማሳ ወደ ማሳ ለመሻገር የሚያግደው የለም። ዛፉ ሳይደርስ ሲደርቅ ቀጭን የነበረው እንጨት ይብስ ይቀጥናል፤ ሁሉም የደረቀበትን ቶሎ ለማክሰል ሲሽቀዳደም ዋጋው ይወድቃል። ብዙዎች መሬታቸውን ወደ ሰብል መልሰዋል፣ ሌሎች ወደ ባሕር ዛፍ ዞረዋል። አንድ ዛፍ፣ አንድ ምርት፣ አንድ መንገድ ይዞ መቆም ምን ያህል እንደሚያሰጋ አዊ ውድ ዋጋ ከፍሎ አይቶታል።

ሌሎች በሮች አሉ ወይ? አሉ፣ ግን ሁሉም እኩል አይከፈቱም። በደቡብ አፍሪካ የዲከረንስ የቅርብ ዘመድ የሆነው ጥቁር ዋትል የሚተከለው ለቅርፊቱም ለግንዱም ነው። ከቅርፊቱ ቆዳ የሚያለፋ ታኒን ይወጣል፣ ግንዱ ደግሞ ተከትክቶ ከሪቻርድስ ቤይ ወደብ ለወረቀት ሥራ ወደ ጃፓን ይጫናል። የዲከረንስ ቅርፊትም ታኒን አለው፤ ጥራቱ ግን ከዘመዱ ያንሳል። በአዊ አሁን ቅርፊቱ ከግንዱ ጋር ይከሰላል። የቆዳ ፋብሪካ ያላት አገር ቢያንስ ልትሞክረው ይገባል። የከሰሉ ብናኝም አለ፤ ከማዳበሪያ ሥር የሚቀረው ዱቄት በጭቃ ወይም በስታርች ተጣብቆ ብሪኬት ይሆናል፤ ትንሽ ማሽንና ትንሽ ካፒታል የሚበቃው ሥራ ስለሆነ ለአክሳዮቹ ወጣቶች ቶሎ የሚደርስላቸው እሱ ይመስለኛል።

ትልቁ ተስፋ የሚነገርለት ቺፑድ ነው። ቺፑድ ለጠማማ እንጨት የተፈጠረ ያህል ነው። እንጨቱ ተከትክቶ ይደቅቃል፣ ይደርቃል፣ በሙጫ ይለወስና በሙቀትና በግፊት ይጋገራል፤ ግንዱ ቀጥ ማለቱ ጉዳይ አይደለም። በደቡብ ትግራይ ማይጨው የተተከለው ፋብሪካ ጥሬ ዕቃው ባሕር ዛፍ ነበር፤ አዊም ውስጥ ቢተከል እንጨት አያጣም። ሆኖም ፋብሪካ እንጨት የሚገዛው በሩ ላይ በሚዛን ነው፤ የሚገዛውም ያንኑ ውኃ የተሸከመ እንጨት ነው። ከፋብሪካው በ20 ወይም በ30 ኪሎ ሜትር ውስጥ ያለ ገበሬ ይጠቀማል፤ ከዚያ ወዲያ ያለው የሚከፈለው ዋጋ በኪራይ ያልቅበታል። ስለዚህ ፋብሪካ ይምጣ የሚሉ ሰዎች አብረው ሊመልሱት የሚገባ ጥያቄ አለ፤ የት ይተከላል፣ ከአስፋልቱ ራቅ ብለው ክረምት ከበጋ በአህያ የሚያወጡት ቀበሌዎችስ ምን ይሆናሉ? ለእነሱ ከሰሉ ገና ለብዙ ዓመታት ዋናው ገበያ ሆኖ ይቀጥላል፤ የተሻለ ክምር፣ የሚታመን ማለፊያ ወረቀትና በዲከረንስ መካከል ተቀላቅሎ የሚተከል ሌላ ዝርያ መጀመሪያ ሊደርስ የሚገባውም ለእነሱ ነው።